የመጥለቂያ ዕቃህን በምን ትጎትተዋለህ?

«ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? የምጽፍልዎ ከባሕር ዳር ነው። የምተዳደረው ጣና ላይ በጀልባ ሥራ ነው። አምና ጅቡቲ ሄጄ ስኩባ ዳይቪንግ (አየር በሲሊንደር ተሸክሞ ውኃ ሥር መጥለቅ) ተማርኩና የምስክር ወረቀት ይዤ ተመለስኩ። አሁን ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ጀልባ ከሥሩ ሲበላሽ፣ መልሕቅ ሲጠፋ፣ እግዚአብሔር አያምጣው እንጂ ሰው ሲሰጥምም እንጠራለን።

ችግሬ ዕቃው ነው። በትልቅ የልብስ ሻንጣ ነበር የማመላልሰው። ባለፈው ከባጃጅ ወርጄ ወደ ሐይቁ ስጎትት አንዱ ጎማ ኮብልስቶኑ ላይ ተነቅሎ ቀረ። ሁሉንም በማዳበሪያ ጠቅልዬ በትከሻዬ ተሸከምኩት። ውጭ ያለችው እህቴ ለፋሲካ ትመጣለች። ‹ውኃ የማያስገባ፣ ጠንካራ፣ ባለ ጎማ ሳጥን አለ። ትልቁን ልግዛልህ?› ትለኛለች። ዋጋውን ስሰማ ግን ደነገጥኩ። የሰፈራችን በያጅ ደግሞ ‹ምን አስጨነቀህ፣ እኔ በላሜራ እሠራልሃለሁ፤ በሬ ቢቆምበት አይጎብጥም› ይላል። አንዳንዴ ወደ ጅቡቲ በአውሮፕላን እሄዳለሁ። አንዳንዴ ደግሞ በአውቶቡስ፣ በደብረ ማርቆስ አድርጌ አዲስ አበባ እገባለሁ። የቱ ይሻለኛል?»

ወንድም ዓለም፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ደብዳቤህን ሳነብ ያ ማዳበሪያ የእኔም ትከሻ ላይ ያረፈ መሰለኝ። ከብዙ ዓመት በፊት እኔም እንዳንተ በልብስ ሻንጣ እጎትት ነበር። ወደ ታች የሚያሰጥመኝን የእርሳስ ብረት፣ የዓይን መከለያ ማስኩንና ሬጉሌተሩን አንድ ላይ ከትቼ አውቶቡስ ጣሪያ ላይ አስጫንኩ። ስደርስ የማስኩ መስታወት ለሁለት ተሰንጥቆ ነበር። የሬጉሌተሩ አፍ ደግሞ እርሳሱ ሲያርፍበት ጊዜ ተጣሟል። መስታወቱ አላሳዘነኝም፣ ይገዛል። ሬጉሌተሩ ግን ውኃ ሥር ትንፋሽ የሚሰጠኝ ዕቃ ነው። ያን ቀን ሳልጠልቅ ተመለስኩ። ስለዚህ የሳጥን ነገር ለእኔ የዋዛ ነገር አይደለም። ሰው ሲሰጥም የምትጠራ ከሆነማ ለአንተ ይብሳል። የተጠራህ ቀን ዕቃህ ሙሉ ሆኖ መገኘት አለበት።

ቁርጡን ልንገርህ። እህትህን ትልቁን ውኃ የማያስገባ ሳጥን አታስገዛት። ሙሉ የላሜራ ሳጥንም አታሠራ። ሳጥኑ ወፍራም ፕላስቲክ ይሁን፤ እግሩን ብቻ ከብረት አሠራ። የእህትህም የበያጁም እጅ ያስፈልግሃል፤ ግን ሁለቱም ካሰቡት ባነሰ ወጪ።

ከላሜራው ልጀምር። በያጁ እውነቱን ነው፣ ላሜራ አይጎብጥም። ግን ክብደቱን አስላው። 72 በ42 በ38 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሳጥን ከነክዳኑ ወደ 1.5 ካሬ ሜትር ላሜራ ይበላል። ውፍረቱ 1.5 ሚሊ ሜትር ከሆነ አንዱ ካሬ ሜትር 12 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ባዶው ሳጥን ብቻ 17 ኪሎ ሆነ ማለት ነው። ብዙ አየር መንገዶች ለአንድ ሻንጣ የሚፈቅዱት 23 ኪሎ ነው። ታዲያ ለዕቃህ ምን ተረፈው? ስድስት ኪሎ። ውኃ ውስጥ የሚያንሳፍፍህ የሚነፋው ጃኬትና ፊኑ (የእግር መቅዘፊያው) ብቻቸውን ይሞሉታል። በዚያ ላይ ከጅቡቲ የባሕር ጨው ይዞ የመጣ ዕቃ በብየዳው ስፌት በኩል ማዛግ ይጀምራል። ላሜራ ሳንዱቅ እቤት ለሚቀመጥ ልብስ ጥሩ ነው። ለሚጎተትና ለሚረጥብ ዕቃ ግን አይሆንም።

አሁን ወደ ጎማው እንምጣ። ሻንጣህን የገደለው ጎማው ነውና እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

የልብስ ሻንጣ ጎማ ከዳር እስከ ዳር (ዲያሜትሩ) አምስት ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው። የተሠራው ለአየር ማረፊያ ልሙጥ ወለል ነው። የባሕር ዳርን ኮብልስቶን ጎንበስ ብለህ እየው። በድንጋይና በድንጋይ መካከል ያለው ክፍተት ትንሿን ጎማ ግማሽ ድረስ ይውጣታል። ስትጎትት ጎማው አይሽከረከርም፣ ይጋጫል። በእያንዳንዱ ድንጋይ አንድ ጊዜ። መቶ ሜትር ስትሄድ ስንት ጊዜ እንደተመታ አስበው። ከሐይቁ ዳር ደግሞ ኮብልስቶኑ ያልቅና ጥቁሩ ድንጋይና ጭቃው ይጀምራል። እዚያ ትንሽ ጎማ እንደ ማረሻ መሬቱን ይሰነጥቃል እንጂ አይንከባለልም።

የሚያስፈልግህ ዲያሜትሩ 20 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጎማ ነው። ከ15 በታች አትውረድ። ድፍን ጎማ ይሁን። በንፋስ የሚሞላው ለስላሳ ነው፣ አልክድም፤ ግን የግራር እሾህ አንድ ቀን ያስተነፍሰዋል፣ ያ ቀን ደግሞ ለሥራ የተጠራህበት ቀን ይሆናል። ጎማው ሁለት ብቻ ይሁን። አራት ጎማ ያለውና በየአቅጣጫው የሚዞረው ለሱቅ ወለል ነው። ጭቃ ውስጥ አንዱ ወደ ግራ፣ አንዱ ወደ ቀኝ ይጠመዘዝና ይቆልፍሃል።

ሰው ጎማውን አይቶ የሚያልፈው አንድ ነገር አለ፦ ዘንጉን። ሻንጣህን ገልብጠህ የተነቀለውን ቦታ እየው። ጎማው ራሱ ደህና ሳይሆን አይቀርም። የተቀደደው ጎማውን የያዘው ፕላስቲክ ነው። መጀመሪያ ክብ የነበረው ቀዳዳ ቀስ በቀስ እንቁላል ቅርጽ ይይዛል፣ ከዚያ ጠርዙ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ከአንዱ ጎማ እስከ ሌላው የሚያልፍ አንድ ወጥ የብረት ዘንግ፣ 12 ሚሊ ሜትር፣ በብረት ፍሬም ውስጥ የገባ ይሁን። በሁለቱም በኩል ሮንዴላና ዳዶ ይኑረው። ኩሽኔታ አያስፈልግህም። አሸዋና ውኃ ሲገባው መጀመሪያ ይጮሃል፣ ቀጥሎ ይይዛል። ተራ ቀዳዳ በግራሶ የተቀባ ይበቃል። ከየጉዞው በኋላ ጠርገህ ትቀባዋለህ።

ፍሬሙን ከ20 በ20 ሚሊ ሜትር ቱቦላሬ (ባለ አራት ማዕዘን የብረት ቱቦ) አሠራ። አራት ሜትር ይበቃል፣ ሦስት ኪሎ ተኩል ገደማ ይሆናል። ቅርጹ ሳጥኑን ከሥርና ከኋላ የሚያቅፍ ይሁን። ሳጥኑ በአራት ቡሎን ይታሰርበት። ስትፈልግ የሚፈታ መሆኑን እንዳትረሳ። አውሮፕላን ላይ ስትሄድ ዘንጉን መዘህ ጎማዎቹን ሳጥኑ ውስጥ ትከታቸዋለህ። በያጁ ሥራውን ሲጨርስ የዝገት መከላከያ ቀለም ሁለት ጊዜ ይቀባው፤ የቱቦላሬው አፍም ይደፈን። ውስጡ ውኃ ከገባ ከውስጥ ወደ ውጭ ነው የሚበላው፤ ሳታየው ያልቃል።

እጀታው ተስቦ የሚወጣ ዓይነት አይሁን። የተገጣጠመ ቱቦ ውስጥ የጣና ዳር አሸዋ አንዴ ከገባ አይወጣም፣ አይገባም። የፍሬሙን ጫፍ አጥፎ ቋሚ እጀታ ይሥራልህ። ወይም ወፍራም ገመድ እሰርበት። ርዝመቱን ራስህ ቆመህ ለካ። ስትጎትት ሳጥኑ ተረከዝህን የሚመታ ከሆነ አጭር ነው።

አሁን እህትህ ስላሰበችው ሳጥን። የምትለው ፔሊካን የተባለው ድርጅት እንደሚሠራው ያለ፣ ክዳኑ በላስቲክ ድፍን የሚል፣ ውኃም አየርም የማያስገባ ሳጥን ነው። ግሩም ዕቃ ነው፣ አላማርረውም። ግን ለምን እንደተሠራ ማወቅ ይገባል። ካሜራና የኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ ከውኃ ለመጠበቅ ነው። የአንተ ዕቃ ግን ራሱ የውኃ ዕቃ ነው። ውኃ እንዳይገባ የሚከለክል ሳጥን ውኃ እንዳይወጣም ይከለክላል። ዌትሱትህን (የላስቲክ መጥለቂያ ልብስህን) እርጥብ እንደሆነ ዘግተህበት በማግሥቱ ስትከፍተው የሚወጣውን ሽታ አንተው ታውቀዋለህ።

ሌላም አለ። በዓባይ በረሃ ታልፋለህ አይደል? በሚቀጥለው ጊዜ ይህን ሞክር። ደጀን ላይ ባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ ክዳኑን አጥብቀህ ዝጋ። ድልድዩ ጋ ስትደርስ እየው። ጎኑ ገብቶ ተጨማዶ ታገኘዋለህ። ላይ ደጋው ላይ አየሩ ስስ ነው፤ ታች በረሃው ውስጥ ይወፍራል። ከደጀን እስከ ድልድዩ ከ1,000 ሜትር በላይ ትወርዳለህ። ድፍን የሆነ ሳጥንም እንደ ጠርሙሱ ነው። ቅድም ባልኩህ ልክ የተሠራ ክዳን ላይ ከውጭ የሚያርፈው ጫና ከ400 ኪሎ በላይ ይሆናል። ክዳኑ አልከፈት ይልሃል። ጥሩ ድርጅት የሠራቸው ሳጥኖች ለዚህ ብለው አየር የምታሳልፍ ትንሽ ቫልቭ አላቸው። ርካሽ አምሳያዎቹ ላይኖራቸው ይችላል። ስለዚህ እህትህ ድፍን ሳጥን ከገዛች ትንሹን ትግዛ፣ ቫልቭ ያለውን። ጥልቀትና ጊዜ ለሚለካው ዳይቭ ኮምፒውተርህ፣ ለባትሪ መብራትህና ለስልክህ። ክርን የሚያህል ይበቃል። ዋጋውም ከትልቁ ጋር አይገናኝም።

ትልቁ ሳጥን ተራ ወፍራም ፕላስቲክ ይሁን፤ የመሣሪያ ወይም የመጋዘን ሳጥን የሚባለው፣ ክዳኑ በማጠፊያና በሁለት መቆለፊያ የሚዘጋ። ቀለሙ ነጣ ያለ ይሁን። ጥቁር ሳጥን አውቶቡስ ጣሪያ ላይ በዓባይ በረሃ ፀሐይ ውስጡ ይጋላል፣ ላስቲክ ደግሞ ሙቀት አይወድም። ከሥሩ አራት ቀዳዳ ብሳ፣ የጣት ውፍረት ያህል። ልብህ አይፍራ፣ ቀዳዳው ሳጥኑን አያደክመውም። በቀዳዳዎቹ ላይ የወንፊት ሽቦ ወይም ያረጀ የዓሣ መረብ አንጥፍ። ውኃው ይወርዳል፣ ዕቃው ይቀራል።

የመረቡ ነገር ሌላም ጥቅም አለው። ጣና ላይ እምቦጭ ከታየ ከ2011 እ.ኤ.አ. ወዲህ ምን እንዳደረገን ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቃለህ፤ ጀልባህን በየቀኑ ይይዘዋል። ፍሬው ጥቃቅን ነው፣ ዓመታት ቆይቶም ይበቅላል። አንድ ቀን እንጅባራ አጠገብ ወዳለው ዘንገና ሐይቅ ትጠራ ይሆናል። ዘንገና እኔ እስከማውቀው እምቦጭ ያልደረሰበት ውኃ ነው። በጃኬትህ ኪስ ወይም በፊንህ ቀዳዳ ውስጥ የተደበቀ ቁራጭ ይዘህ አትሂድበት፣ እባክህ። ከሳጥኑ ስታወጣ መረቡ ላይ የቀረውን ሁሉ ለቅመህ አቃጥለው። ዕቃውንም ሙልጭ አድርገህ አድርቀው። የጣና ዳር ውኃ ቢልሃርዚያም ስላለበት ማድረቁ ለራስህም ነው።

«መቼ ጊዜ አግኝቼ ላድርቅ?» ትል ይሆናል። ጊዜማ በግድ ይሰጥሃል። ከጠለቅህ በኋላ ወዲያው አውሮፕላን እንደማይሳፈሩ አስተምረውሃል። ዳይቨርስ አለርት ኔትወርክ የተባለው የጠላቂዎች ደኅንነት ድርጅት የሚመክረው አንድ ጊዜ ብቻ ለጠለቀ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ደጋግሞ ለጠለቀ ቢያንስ 18 ሰዓት መጠበቅ ነው። ከጅቡቲ ስትመለስ ያቺ 18 ሰዓት የማድረቂያ ሰዓትህ ናት። ዕቃውን በንጹሕ ውኃ አለቅልቅ፣ ጥላ ሥር ስቀል፣ ከዚያ ክተት። ፀሐይ ላይ አትስቀል፤ ዌትሱቱን ያደርቀዋል ግን ይሰነጣጥቀዋል። እግረ መንገዴን ይህንንም ልበልህ። ጣና ራሱ ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። ከባሕር ጠለል ከ300 ሜትር በላይ ከፍታ ባለ ውኃ ሲጠለቅ የመጥለቂያው ስሌት ለከፍታው መስተካከል አለበት። ከሐይቁ ወጥተህ ወዲያው መኪና ይዘህ ወደ እንጅባራ ብትወጣ ደግሞ ሌላ 700 ሜትር ጨመርክ። አትቸኩል። ዕቃው ይድረቅ፣ ሰውነትህም ይረፍ።

ወደ አጫጫኑ ልመለስ። ገበሬ አህያውን ሲጭን አይተሃል። ሁለቱ ወገን ካልተመዛዘነ ጭነቱ ሆዷ ሥር ይዞራል። የአንተም ሳጥን እንዲሁ ነው። ከባዱ ነገር ጎማው አጠገብ ይሁን፣ ክብደቱን ክንድህ ሳይሆን ዘንጉ ይሸከመው። ዌትሱቱ ከሥር ይነጠፍ፣ እንደ ፍራሽ ያገለግላል። ፊኖቹ በጎንና በጎን ይቁሙ፣ ግድግዳ ይሆናሉ። ሳጥን ከመግዛትህ በፊት መጀመሪያ የምትለካውም ፊንህን ነው፣ ከሁሉ የሚረዝመው እሱ ነውና። ጃኬቱን ትንሽ ንፋው፤ መሀል ላይ ትራስ ይሁን። ማስኩ በራሱ ጠንካራ ማቀፊያ ውስጥ ሆኖ ጃኬቱ መሀል ይግባ።

እርሳሱ ግን በፍጹም እዚያ ሳጥን ውስጥ አይግባ። እኔ የተቀጣሁበት ነው። በወፍራም ሸራ ከረጢት ለብቻው ይዘህ፣ ስትጎትት ፍሬሙ ላይ ከጎማው በላይ እሰረው። ጅቡቲ ስትሄድ ደግሞ ጭራሽ አትውሰደው፤ የጠላቂ ማዕከሎች ከዋጋው ጋር ይሰጣሉ። የባሕር ውኃ ጨው ስላለበት ከጣና የበለጠ እርሳስ ስለሚያስፈልግህ የጣናው ልክ እዚያ አይሠራልህም።

ሬጉሌተሩም ከሳጥኑ ውጭ ነው። በአውሮፕላን በእጅ ሻንጣ፣ በአውቶቡስ ጭንህ ላይ። ቱቦውን ሰፋ አድርገህ ጠቅልለው፤ አታጥፈው። የአቧራ ክዳኑ መዘጋቱን በጣትህ ነካ አድርገህ አረጋግጥ። ረዳቱ «ላይ እንጫነው» ቢልህ እሺ አትበለው። ተቆጣም አልተቆጣ፣ እቅፍህ ውስጥ ይሁን። የመብራትህ ሊቲየም ባትሪም እንዲሁ፤ በአየር መንገድ ሕግ ትርፍ ባትሪ የሚሄደው ከአንተ ጋር እንጂ ከተጫነው ሻንጣ ጋር አይደለም።

ሲሊንደሩን በተመለከተ አጭር ነው። ባለ 11 ሊትር የአሉሚኒየም ሲሊንደር ባዶውን 14 ኪሎ ያህል ነው፤ የትኛውም ሳጥን ውስጥ አታስገባው። በመኪና ስትወስድ አስተኝተህ፣ እንዳይንከባለል በመጫኛ አስረህ፣ ጥላ ውስጥ አድርገህ ውሰደው። ለአውሮፕላን ቫልቩ ተፈትቶ ውስጡ መታየት ስላለበት እዚያው ተከራይ።

እንግዲህ ሒሳቡን እንየው። ጃኬት ሦስት ኪሎ ተኩል፣ ፊን ሁለት፣ ዌትሱት ሲደርቅ ሦስት፣ ማስክና ጫማ አንድ ተኩል። አሥር ኪሎ። ሳጥኑ ስድስት፣ ፍሬሙ ሦስት ተኩል፣ ጎማና ዘንጉ ሁለት። በድምሩ ሃያ አንድ ተኩል። 23 አልሞላም። መጠኑንም ተጠንቀቅ። ብዙ አየር መንገዶች የርዝመት፣ የወርድና የቁመት ድምር ከ158 ሴንቲ ሜትር እንዳይበልጥ ይላሉ። 72 በ42 በ38 ያልኩህ ለዚህ ነው። 152 ይመጣል፣ ለፍሬሙ ስድስት ሴንቲ ሜትር ይተርፈዋል። ቲኬትህ ላይ የተጻፈውን ግን ሁልጊዜ አንብብ፣ የአገር ውስጥ በረራ ልኩ ሊለይ ይችላል።

በያጁ ጨርሶ ሲያስረክብህ ዕቃህን ከመጫንህ በፊት ፈትነው። ሩብ ኩንታል ጤፍ ተበድረህ ሳጥኑ ውስጥ አስቀምጥ። ከሱቁ እስከ ሰፈርህ በኮብልስቶኑ ላይ ጎትተው። ከመንገድ ጠርዝ ላይ ሦስት አራት ጊዜ ጣል፣ አውርደው። ከዚያ ገልብጠህ የዘንጉን ቀዳዳ፣ የብየዳውን ስፌትና ቡሎኖቹን በጣትህ ዳብስ። የላላ ካለ ያኔውኑ መልሰህ አስጠግነው። ገንዘቡን ሁሉ አስቀድመህ አትክፈል፣ ጥቂት አስቀርተህ ከፈተናው በኋላ ስጠው። በያጁም ጥሩ ሰው ይመስለኛል፣ አይከፋውም።

ተራውን ፕላስቲክ ሳጥን የምትገዛልህ እህትህ ደግሞ ባዶውን ተሸክማ እንዳትመጣ። የራሷን ልብስ በእሱ ከትታ ትምጣ፣ ቲኬቷ ሁለት ሻንጣ የሚፈቅድ ከሆነ እንደ ሁለተኛ ሻንጣ ይቆጠርላታል፣ ለመላኪያ የምታወጣው ብር አይኖርም። ሁለቱን ድፍን ጎማዎችና ትንሹን ባለ ቫልቭ ሳጥንም እዚያው ውስጥ ታስገባቸው። ፊንህን ዛሬ ማታ በሜትር ለካና ከእነዚህ ልኬቶች ጋር ላክላት። ፋሲካ ሳይደርስባት ተረጋግታ ትፈልግ።